የመርከባችንን መረብ ፍለጋ ወደ መርካቶ

ሰው ከሐይቅ ዳር ተነሥቶ ለመርከብ ዕቃ ፍለጋ ጠብታ ውሃ ወደሌለበት ገበያ ሲሄድ መሳቂያ መሆኑ አይቀርም። እኔም ተስቆብኛል። በደህና ስለተመለስኩ ግን አሁን አብሬ እስቃለሁ። ይህን የምጽፈው መርካቶን አይተው ለማያውቁ የአርባ ምንጭ ወዳጆቼ ነው፤ ጉዞው እንዴት እንደነበር ሲጠይቁኝ አፌ ተሳስሮ "ደህና ነበር" ብቻ ብያቸው ነበርና።

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። አባያ ሐይቅ ላይ ለምርምር የምትሰማራ አዲስ መርከብ ተሠርታልናለች። ባሕር ያየ ሰው ጀልባ ይላት ይሆናል፤ እኛ ግን መርከብ እንላታለን። ሞተሯ ተሞክሯል፣ ቀለሟ ደርቋል፣ መሣሪያዎቿ ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። ሆኖም ከሠሪዎቿ እጅ ገና አልተረከብናትም ነበር። ርክክቡ ሰኞ ነው፤ ተረካቢው ኮሚቴ ተሳፍሮ እያንዳንዱ መሣሪያ ሲሠራ በዓይኑ ማየት አለበት። አንድ ነገር ከጎደለ አይረከብም፤ ያኔ መርከቧ ዝናቡ ገብቶ እስኪወጣ ዳር ላይ ታስራ ትቆማለች። እኔ ደግሞ የተቀጠርኩት ከዝናቡ በፊት ያለውን የሐይቁን ውሃ ከዝናቡ በኋላ ካለው ጋር ላወዳድር ነው። "በፊት" የሚባለው ካመለጠኝ የዓመት ሥራዬ ሳይጀመር ያልቃል።

የጎደለው መረብ ነበር። የዓሣ መረብ አይደለም። ከስስ ጨርቅ የተሰፋ፣ አፉ ሰፊ፣ ጫፉ ጠባብ ከረጢት ነው። በውሃ ውስጥ ሲጎተት ውሃው በጨርቁ ቀዳዳዎች ሾልኮ ይወጣል፤ በዓይን የማይታዩት ጥቃቅን ነፍሳት ግን ማለፍ አቅቷቸው ጫፉ ላይ በታሰረች ጣሳ ይጠራቀማሉ። የዓሣ ጫጩቶች የሚመገቡት እነዚህን ነው። ከውጭ የመጣልንን መረብ በአጥማጆች ታንኳ ሞከርነውና አጥበን መስኮት ላይ ሰቀልነው። የዓሣ ሽታ የሳበው ዝንጀሮ ይዞት ዛፍ ላይ ወጣ። የመለሰልን ቁርጥራጩን ነው።

ሌላ ከውጭ ለማስመጣት ወራት ይፈጃል። አለቃዬ ዶክተር መሰለ ግን አንድ ዘዴ አመጣ። "ካናቴራ ላይ ጽሑፍ የሚያትሙ ሰዎች የሚጠቀሙበት የስክሪን ጨርቅ ይሆናል። መርካቶ ሞልቷል። እህቴ ዘነበች ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ስፌት ትሰፋለች፤ እሷ ጋ ታርፊያለሽ፣ መረቡንም ትሰፋልሻለች" አለኝ። ሌላው ሁሉ መርከቧ ላይ ሥራ ስለነበረው፣ ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ለማለት የማፍረው እኔ ተላክሁ።

ሐሙስ

ጎሕ ሳይቀድ ከመናኸሪያ ተነሣን። ለእትዬ ዘነበች ስጦታ ብዬ አንድ ዘንቢል ማንጎ ይዤ ነበር። ሶዶ እስክንደርስ ዘንቢሉን እግሬ ሥር አድርጌ ጠበቅሁት። ከሶዶ ወዲህ እንቅልፍ ጣለኝ። ከበላዬ የነበረ የሌላ ሰው ጆንያ በአንድ ጠመዝማዛ ላይ ወርዶ ማንጎዬ ላይ ተቀመጠበት፤ ስነቃ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ቢጫ ሆኗል።

ለምሳ ቡታጅራ ስንቆም ከአውቶቡሱ ለመውረድ አፈርኩ። የምግብ ቤቱ አስተናጋጅ በመስኮት አየችኝና መጥታ ሳትጠይቀኝ እጄን ያዘችኝ። ጓሮ ወስዳ የራሷን ሽርጥ አስታጠቀችኝ፣ ቀሚሴን በሳሙና አሸችና ፀሐይ ላይ ዘረጋችው። እስኪደርቅ ቆጮ በአይብ በላሁ። የኛ የጋሞ ደጋ ቆጮ ወፈር ያለ ነው፤ የእነሱ እንደ ወረቀት ስስ። "የቱ ይሻላል?" አለችኝ። "የእናንተ" አልኳት፤ ሽርጧን ታጥቄ ሌላ ምን እላለሁ። ስንሄድ የተረፉትን ስምንት ማንጎዎች ልሰጣት ብል ሁለት ብቻ ወሰደች። "እንግዳ ባዶ እጁን ቤት አይገባም" አለች።

አዲስ አበባ ስንገባ ፀሐይዋ ነበረች፤ ግን የማትሞቅ ፀሐይ ናት። እኛ ጋ በዚህ ሰዓት ውሻ እንኳ ጥላ ይፈልጋል። ከከተማው ጫፍ እስከ ተክለ ሃይማኖት በሚኒባስ ሄድኩ፤ "ወራጅ አለ" የሚል ሌላ ሰው እስኪገኝ ስጠብቅ አንድ ፌርማታ አለፈኝና ወደ ኋላ በእግሬ ተመለስኩ።

እትዬ ዘነበች ወንድማቸውን የሚመስሉ፣ ረጅም፣ ፈጣን ሴት ናቸው። የሚሰፉት የሰው ልብስ አይደለም። የዕቃ ልብስ ነው። ቤታቸው ውስጥ ራቁቱን የቆመ ነገር የለም፦ ፍሪጁ ዳንቴል ለብሷል፣ ቴሌቪዥኑ ቬሎ ተከናንቧል፣ የጋዝ ሲሊንደሩ ሽንሽን ቀሚስ አለው፤ ሪሞቱ እንኳ የራሱ ከረጢት ነበረው። ሰርግ ያለበት ሁሉ ለአዲሶቹ ሙሽሮች ቤት እሳቸው ዘንድ ያሰፋል። እኛ ጋ ከሙቀቱ የተነሣ ሰውም ብዙ አይለብስ፤ እዚህ ፍሪጅ ይለብሳል።

"ማንጎ ይዘሽልኝ መጣሽ?" አሉ ዘንቢሉን እያዩ። "አንቺ ልጅ፣ እኛ ሰፈር በመኪና እየተራገፈ!"

ቢሆንም ሦስቱን ቆመው በሉ።

ዓርብ

መርካቶን በቃል ማስረዳት ይከብደኛል። አባያ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ሞገዱ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ እንደዚያ ነው፣ ሞገዱ ግን ሰው ነው። ተሸካሚዎች ከቁመታቸው በላይ ጭነው "ጀርባ! ጀርባ!" እያሉ ይመጣሉ፤ ከጀርባህ ዞር በል ማለታቸው ነው። በየት በኩል ልዞር ብዬ ስቆም አንዱ ፍራሽ የተሸከመ ሰውዬ፣ "እህቴ፣ እዚህ ቆሞ ማሰብ አይቻልም!" ብሎ በትከሻው ገፋ አድርጎ ወደ አንድ ሱቅ ደጃፍ አስገባኝ። ቀና ስል የሕትመት ቀለም ተደርድሯል። የምፈልገው ሱቅ ነበር።

ባለ ሱቁ ጋሼ ከድር ከስልጤ አገር ገና በልጅነታቸው የመጡ፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። የስክሪን ጨርቅ ስላቸው አንድ ጥቅል ዘረጉልኝ። ማጉያ መነጽሬን አውጥቼ ጎንበስ አልኩ።

"ምን ትፈልጊያለሽ እዚያ ውስጥ? ጉድፍ የለውም" አሉኝ።

"ቀዳዳውን እያየሁ ነው።"

"ሰው ጨርቅ ሲገዛ ቀዳዳ እንዳይኖረው ያያል። አንቺ ቀዳዳ ልትገዢ ነው የመጣሽው?"

ጎረቤቶቹ ሳቁ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። ግን እውነታቸውን ነበር፤ የምገዛው ቀዳዳ ነው። የዚያኛው ጨርቅ ቀዳዳ ሰፋ ይል ስለነበር የምፈልጋቸው ነፍሳት ሁሉ ያመልጡ ነበር። ጠበብ ያለ እንዳላቸው ጠየቅኋቸው።

"መጋዘን አለ፣ ጭድ ተራ በኩል። አሁን ግን ጁምዓ ነው፣ ሶላት ደርሶብኛል። ከሶላት መልስ ይዤልሽ እመጣለሁ። እስከዚያ ሱቁን እይልኝ።"

"እኔ?"

"አንቺ። ሌባ በመነጽር አይመረምርም።"

በርጩማ ደጃፉ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። እኛ አገር ታንኳ ለማስጠበቅ ሰው አባቱ ማን እንደሆነ ይጠየቃል፤ እሳቸው ስሜን እንኳ አልጠየቁኝም። ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ አቅፌ ሰው እንዳይመጣ እየጸለይኩ ተቀመጥኩ። ወዲያው አንድ ወጣት መጣ።

"እህት፣ ቀይ ቀለም ስጪኝ፤ ቶሎ በይ።"

"ባለቤቱ ሶላት ላይ ናቸው።"

"አንቺስ?"

"ደንበኛ ነኝ።"

"ደንበኛ ሆነሽ ደንበኛ ትመልሻለሽ?"

ከማዶ ክር የምትሸጠው ሴት፣ "ተዋት አቦ! የጋሼ ከድር አዲሷ ሸሪክ ናት!" ብላ ጮኸች። መንገዱ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ግን ከበርጩማው አልተነሣሁም፤ በዚያ በኩል አሁንም እኮራለሁ።

ጋሼ ከድር ጥቅሉን በብብታቸው ይዘው ተመለሱ። በመነጽሬ አየሁት፤ ልክ ነበር፤ ቀዳዳዎቹ እኩል፣ ጥቃቅን። ሲለኩልኝ ከጠየቅኩት ክንድ ያህል ጨመሩ። "ቀዳዳ አይመዘንም" አሉኝ። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ለመርከብ ነው አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ፣ "ለመርከብ ሸጥኩ!" እያሉ ሲናገሩ ትቻቸው ሄድኩ።

ማታ እትዬ ዘነበች ዘንድ የሰርግ ዕቃ ልብስ ሊወስዱ የመጡ ሦስት ሴቶች ነበሩ። ለዓርቡ ጾም ምስር ቀርቦ ነበር፤ እኔ ሥዕሉንና ጨርቁን ሰጠኋቸው። ሥዕሉ ላይ የመረቡን ልክ፣ አፉን ዙሪያውን የሚያጠብቀውን ሸራ፣ ጠባቡን ጫፍ በደንብ አሳይቻለሁ።

"እሺ፣ ይሄ የምን ነው?" አሉኝ እትዬ ዘነበች።

ሴቶቹ መብላታቸውን አቁመው አዩኝ። በዓይን የማይታይ ነገር እናጠምድበታለን ለማለት አፌን ከፈትኩና ፈራሁ፤ የዝንጀሮውም ነገር አብሮ ሊመጣ ነው። "የመርከቧ ነው። ሰኞ እንግዶቹ ፊት ከኋላዋ ይንጠለጠላል" አልኩ።

"ገባኝ፣ ገባኝ" አሉ እትዬ ዘነበች ጨርቁን በጣቶቻቸው እያሹ። "ስስ ናት። ነገ ስትመለሺ ታገኚዋለሽ።"

ቅዳሜ

ለመረቡ አፍ ክብ ብረት፣ ለጫፉ ደግሞ ጣሳ ያስፈልጋል። ለዚህ ምን አለሽ ተራ ሄድኩ። ከሩቅ በመዶሻው ድምፅ ይታወቃል፤ በዓለም ላይ የተጣለ ብረት ሁሉ እዚያ መጥቶ ምድጃ ወይም ባሊ ይሆናል። ሳሚ የሚባል ልጅ እግር ብረት ሠራተኛ ጋ ቆምኩ። የግንባታ ፌሮ አጉብጦ፣ በየደውና የመኪና መሪ የምታህል ቀለበት ሠራልኝ። ለጫፉ የወተት ዱቄት ጣሳ ቆርጦ አፉን ለማሰሪያ እንዲመች አጠፈው።

"ይሄ ምን ሊሆን ነው?"

"ውሃ ማጥለያ።"

"አቦ፣ ውሃ እንኳ በጣሳ አፉ ይጠጣል፣ ምን ማጥለል ያስፈልጋል?" ብሎ ሳቀ። ጣሳውን በእጁ ደጋግሞ አዙሮ ስለቱ እንዳይቆርጠኝ በፋይል ሞረደልኝ።

ቀለበቱን በትከሻዬ አንጠልጥዬ፣ ነገ ጠዋት አውቶቡስ ላይ መሆኔን እያሰብኩ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። እትዬ ዘነበች በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር።

መረቡ ጠረጴዛው ላይ ቆሞ ነበር። ቆሞ ነበር የምለው በእውነት ስለቆመ ነው። ከውስጡ በነጭ ሳቲን ገበር ተደርጎለታል፤ ጠባቡ ጫፍ ላይ ዳንቴል ዞሮበታል።

"ጨርቁ ገላጭ ሆኖብኝ ተጨነቅሁ" አሉ እትዬ ዘነበች። "እንግዳ ፊት ውስጡ የሚታይ ነገር ይቀርባል? አንቺ ከተማውን አታውቂም ብዬ ገበር አበጀሁለት። ከኔ ነው፣ ለመርከቧ ስጦታዬ።"

ገባኝ። ከኋላዋ ይንጠለጠላል ያልኳቸውን ነገር ልብስ አድርገውታል፤ ገበር የሌለው የዕቃ ልብስ ደግሞ በሕይወታቸው ሰፍተው አያውቁም። ያምራል ማለት ነበረብኝ፤ ያምራልም። ግን ነገ እሑድ ነው፣ ከነገ ወዲያ ሰኞ።

መናገር ሲያቅተኝ መረቡን ይዤ ጓሮ ወጣሁ። ከጀሪካን ውሃ ቀዳሁና ጠባቡን ጫፍ በእጄ ጨብጬ በአፉ ጨመርኩበት። ውሃው እንደ እንስራ ሳቲኑ ውስጥ ቆመ።

"ምን ማድረግሽ ነው? ልብስ ውስጥ ውሃ!"

"እትዬ፣ ውሃው መውጣት አለበት።"

"ለምን?"

ያኔ ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ነፍሳቱን፣ ዝንጀሮውን፣ ኮሚቴውን፣ ዝናቡን። እትዬ ዘነበች ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቁ ነበር።

"እና ትናንት ስጠይቅሽ ይሄን መናገር ምን ነበረበት?"

"ሰዎች ነበሩ። አፈርኩ።"

"አፈርኩ! አፍረሽ የሰርግ ልብስ አሰፋሽኝ! በይ ምላጭ አምጪ።"

ደጃፍ ላይ ብርሃን ፈልገን ተቀመጥንና ስፌቱን በምላጭ መፍታት ጀመርን። በሰፊው አፍ በኩል ገበሩ የተሰፋው ሸራው ላይ ስለነበር ችግር አልነበረም። ጠባቡ ጫፍ ላይ ግን ዳንቴሉና ገበሩ አንድ ላይ በወፍራም መርፌ ጨርቁን ወግተውታል። በመነጽሬ አየሁ። የመርፌው ቀዳዳዎች ከጨርቁ ቀዳዳዎች ብዙ ጊዜ ይበልጣሉ፤ ዙሪያውን እንደ በር ተከፍተው ነበር። መነጽሩን ለእትዬ ዘነበች ሰጠኋቸው። አዩና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቃቸውን አቆሙ።

"ይሄ አይደፈንም" አሉ።

"አይደፈንም።"

እኔ፣ "ቢቆረጥስ?" አልኩ። "ይሄን ሁለት ጣት የምታህል ዙሪያ ብንቆርጠው?"

"ጫፉ ይሰፋላ። ጣሳሽ አይገባም።"

"ጣሳ ሌላ ይሠራል።"

መቀሱን አነሡ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ጭርት የሚል ድምፅ ሰማሁ። እሳቸው አዲሱን ጠርዝ በስስ መርፌ ሲያጥፉ እኔ ጣሳዬን ይዤ ወደ ምን አለሽ ተራ ሮጥኩ። በመርካቶ መሐል ሮጥኩ! "ጀርባ!" እያልኩ ጭምር።

ሳሚ ዕቃውን ሰብስቦ ሸራ ሊያለብስ ነበር። ጣሳው ጠበበ ስለው ቀና ብሎ አየኝ።

"ምነው፣ በግማሽ ቀን ወፈረብሽ?"

"እባክህ፣ ነገ ጠዋት መንገደኛ ነኝ።"

ሌላ ምንም ሳይጠይቅ ሸራውን መልሶ ገለጠው። ከክምሩ ውስጥ ሰፋ ያለ የቲማቲም ድልህ ጣሳ መዘዘ፤ የእትዬ ዘነበችን ክር ለልክ ይዤ ስለነበር በአንዴ ገጠመለት። ለሁለተኛው ሥራ ምንም አልቀበልም አለ። "ስታጠልይ አስቢኝ" አለኝ።

እንደገና ጓሮ ወጣን። መረቡ ቀለበቱ ላይ ተወጥሯል፣ ጣሳው ታስሯል። እትዬ ዘነበች ራሳቸው ውሃውን ጨመሩ። ከጨርቁ ዙሪያውን እንደ ዝናብ ወረደና እግራችንን አራሰው፤ ጣሳው ውስጥ ትንሽ ብቻ ቀረ።

"ተመስገን" አሉ። ያን ምሽት እንደ ድንጋይ ተኛሁ።

እሑድ

እትዬ ዘነበች ቋንጣ ፍርፍር ቋጥረው እስከ መሳፈሪያው ሸኙኝ። ቀለበቱን ሲያይ የአውቶቡሱ ረዳት፣ "እህት፣ መሪ ይዘሽ ነው የምትሳፈሪው? ሾፌር አለን እኮ!" አለ። መረቡን ጣራ ላይ አልጭንም አልኩ፤ ድምፄ ከወትሮው ከፍ ስላለ ራሴንም ገረመኝ። አቅፌው ተጓዝኩ። ከሶዶ ቁልቁል ስንወርድ የአገሬ ሙቀት በመስኮት ገብቶ ፊቴ ላይ አረፈ፤ በግራ በኩል አባያ እንደ ሸክላ ቀልቶ ታየኝ። ሹራቤን አወለቅሁ።

ሰኞ

ኮሚቴው ጠዋት ነፋሱ ሳይነሣ ተሳፈረ። መልህቁ ወረደ፣ ተነሣ። የጥልቀት መለኪያው ተሞከረ፣ የውሃ መቅጃ ጠርሙሱ ተሞከረ። ሰብሳቢው እያንዳንዱን እያዩ በአዎንታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በመጨረሻ፣ "መረብስ?" አሉ።

መረቡን ከመርከቧ ኋላ ወደ ውሃው ለቀቅሁት። ገመዱ በእጄ ውስጥ አለፈ። ካፒቴኑ መርከቧን በቀስታ ነዳ። ውሃው ካላለፈ መረቡ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ገመዱን ይጎትታል፤ እኔ የምፈራው ያንን ነበር። ገመዱ ሳይከብድ ሳይቀል ተወጠረ። ሳወጣው ውሃው ከዙሪያው ወረደ፣ ጣሳው ውስጥ ከአንድ ብርጭቆ የማይበልጥ ቀላ ያለ ውሃ ቀረ።

ሰብሳቢው አጎንብሰው አዩ። "ይሄ ብቻ ነው?"

ዶክተር መሰለ ሊመልስ ሲል አየሁት፤ ግን የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ጥቂት ጠብታ ስስ መስተዋት ላይ አድርጌ ከመነጽሩ ጋር ሰጠኋቸው። "ጌታዬ፣ ወደ ፀሐይ ይያዙትና ይጠብቁ" አልኳቸው።

ያዙት። ከዚያ፣ "ይዘላሉ!" አሉ፤ መነጽሩንም ለጸሐፊው አልሰጡም። ኋላ ላይ ሲሰጡት ጸሐፊው ለሌላው፣ ሌላው ለካፒቴኑ አቀበለው፤ ካፒቴኑ መሪውን ለእኔ አስይዞ አየ።

ሰብሳቢው ለመፈረም ብዕር ጠየቁ። የመርከቧ ሠሪዎች ተወካይ እስከዚያ ሰዓት ድረስ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት የነበረውን የመርከቧን ቁልፍ አውልቆ ለካፒቴኑ ሰጠው። ካፒቴኑ ኪሱ ከተተውና ከላይ መታ መታ አደረገው። ነፋሱ ሲነሣ ወደ ዳር ዞርን። ዳር ደርሰን እኔ መረቡን በንጹሕ ውሃ እያጠብኩ ሳለ ካፒቴኑ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

"ነገስ ወዴት ነው?" አለኝ።

"ወደ ብላቴ ወንዝ አፍ" አልኩት። "በጠዋት።"